አያቴ ሌባ ይሁንልኝ

ሌላው ሰው ለሞተ አያቱ ጀነትን ይለምናል። እኔ በሃያ አራት ዓመቴ፣ መስገጃዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ «ያ ረቢ፣ አያቴ ሌባ ይሁንልኝ» ብያለሁ። እናቴ ከጓዳ ሰምታኝ «አስተግፊሩላህ! ልጅቷ አበደች» አለች። አላበድኩም። አያቴ ቃሲም ሌባ ከሆነ ቶፊቅን አገባለሁ፤ ነፍሰ ገዳይ ከሆነ ቶፊቅ ይቀርብኛል። ነገሩ ይኸው ነበር።

ከመጀመሪያው ልነሳ። አባቴ ጀይሉ ከሚሴ ላይ እህል ይነግዳል። ማሽላ ሲሰፍር እጁ ጠበቅ ይላል፤ ወሬ ሲሰፍር ግን አትረፍርፎ ነው፣ ምርቃትም ይጨምራል። ወሬውም አንድ ብቻ ነው፦ አባቱ ቃሲም ሰው የገደለ ዕለት። ሰርግ ላይ ያወራታል፣ ለቅሶ ላይ ያወራታል፣ ማሽላ ሊሸምት የመጣ የወረዳ ሠራተኛ ካገኘም ጆንያው ተሰፍቶ እስኪያልቅ ያወራታል። እኛ ልጆቹ ከፋቲሃ ቀጥሎ በቃላችን የያዝነው እሷን ነው።

እንዲህ ናት። ጣሊያን የወጣ ሰሞን ነው። ቃሲም ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቷል። የተጣሉበትን ምክንያት አባቴ እንደ አድማጩ ይለዋውጠዋል፤ ለገበሬ በድንበር፣ ለነጋዴ በግመል፣ ለጎረምሳ በሴት። ቃሲም ምንሽሩን ይዞ ጨፋ ሜዳ ላይ ሳር ውስጥ ያደፍጣል። ሳሩ ያን ጊዜ ግመል ይሰውር ነበር። ዐሥር ሰዓት ላይ ባላንጣው በበቅሎ ብቅ ይላል። ቃሲም ከጀርባ መምታት ይችላል፤ አይመታም። ብድግ ብሎ «ዙር! ፊትህን አሳየኝ!» ይለዋል። ሰውየው ይዞራል፣ ደረቱን ይሰጣል። አንድ ጥይት። ከዚያ ቃሲም የራሱን ጋቢ ከትከሻው አውርዶ ሬሳውን ያለብሰዋል፤ ጀግና ራቁቱን አይተኛማ። ቀጥ ብሎም ሄዶ እጁን ይሰጣል፣ ሁለት ዓመት ታስሮ ይወጣል።

በልጅነቴ «ለሰው ነፍስ ሁለት ዓመት ብቻ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። «ዳኛው ራሱ አደነቀዋ!» ተባልኩ። የሟቹን ስም ስጠይቅ ደግሞ አባቴ ቆጣ አለ። አያቴ ስሙን ለማንም ሳይናገር ነው የሞተው። አባቴ ይህንንም ጨዋነት ነው ይለዋል።

ቶፊቅን ያገኘሁት በፎቶ ኮፒ ቤቴ ነው። ከመናኸሪያው በታች ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ፤ ዛሬም አለችኝ። እሱ የሰንበቴ ልጅ ነው፤ አባቱ ሸምሱ ከብት ነጋዴ፣ እሱም ከአባቱ ጋር ከባቲ ሰንበቴ ይመላለሳል። በተመላለሰ ቁጥር ከሚሴ ይወርድና ያችኑ መታወቂያውን ኮፒ ያስደርጋል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ፎቶው ላይ መልኩ ደህና ነበር። በመጨረሻ ግን «እንዲህ ከሆነ መታወቂያህ ፊደሉ ሊለቅ ነው፤ ሽማግሌ ላክ» አልኩት። ሳምንት ሳይሞላ ላከ።

ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ጠዋት እናቴ አባቴን በር ላይ ይዛ አስጠነቀቀችው። «ጀይሉ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ዛሬን እንኳ ያንን ሰውዬ አትግደለው።»

«ለዱአ በመጡ ሰዎች ፊት? እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?» አለ ተቆጥቶ።

ጫቱ ቀረበ፣ ዱአው ተደረገ። የሁለቱንም ወገን ያስቀመጡት ሼህ ሙሐመድዘይን ነበሩ፤ ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ያለ እሳቸው ሰው አይታረቅም፣ ያለ እሳቸውም አይጋባም። እኔና እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ጆሯችንን አቁመናል። ሼሁ እንደ ወጉ ጠየቁ፦ «በመካከላችሁ ዝምድና አለ? አብሮ የተጠባ ጡት አለ? ደም አለ?» ሁለቱም አባቶች የለም አሉና ዘር መቁጠር ጀመሩ። ሸምሱ የእሱን ቆጥሮ ጨረሰ። አባቴ «ጀይሉ፣ ቃሲም…» አለና ቆመ። የአባቱን ስም ጠርቶ ዝም ብሎ ማለፍ የሚችል ምላስ አላህ አልሰጠውም። እናቴ የሻሿን ጫፍ ነከሰች።

ጀመረ። ጨፋ ሳር፣ ምንሽሩ፣ በቅሎው፣ «ዙር!»፣ አንድ ጥይት። ለአማች የሚሆን አዲስ ጌጥ ሁሉ ጨመረበት። ጥይቷ ጋ ሲደርስ ሸምሱ በቀጭን ድምፅ «ጋቢውንስ?» አለ።

«አዎ! ጋቢውን አውልቆ አለበሰው! አንተም ሰምተሃታል ለካ!» አለ አባቴ፤ ደስታው ከመጋረጃው ጀርባ ይሰማል።

ሸምሱ ከተቀመጠበት ተነሳ። «የእናቴ አባት ሙሀመድኑር ይባላል። ጣሊያን የወጣ ሰሞን፣ ጨፋ ሳር ውስጥ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ አንድ ሰው ‹ዙር› ብሎ ጠርቶ ደረቱን መታው። በጋቢ አልብሶትም ሄደ። እናቴ ዘይና ይህንን እየነገረች ነው ያሳደገችን። የገዳዩን ስም ስንፈልግ ስልሳ ዓመት ሆነን። አንተ ዛሬ ጫት እያስቃምከን ነገርከን።»

ሼህ ሙሐመድዘይን የያዙትን የጫት ቅጠል መልሰው አስቀመጡ።

በኛ አገር ባልታረቀ ደም ላይ ጋብቻ አይቆምም። መጀመሪያ ጉማ ይወጣል፤ የገዳይ ወገን ራሱን ሳይሸፍን፣ ገመድ በአንገቱ አስሮ፣ በሟች ወገን ፊት ይቆምና ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጊደር ያስረክባል፤ ደሙ ይደርቃል። ሼህ ሙሐመድዘይንም ይህንኑ አሉ። ሸምሱም «በወጉ ከጠየቀኝ እናቴን አማክራለሁ» አለ። ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር፤ አባቴ ባይኖር።

«አባቴ ፊት ለፊት፣ በወንድ ወግ የገደለውን እኔ ገመድ አስሬ ላልቅስለት? ወላሂ አላደርገውም!» አለ።

አንዴ ወላሂ ካለ በቅሎ አይጎትተውም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ያኔ ነው ሴት ልጅ ወጣ የማትልበት ቦታ ላይ ከመጋረጃው ወጥቼ የቆምኩት። ሁለት ሽማግሌዎች ባላዩት ጥይት ቶፊቅን ሊያሳጡኝ ነው!

«አባዬ፣ አያቴ ሲገድል ማን አየ?» አልኩ። «ለነፍስ ሁለት ዓመት የሚፈርድ ዳኛስ የት አገር ነው ያለ? ታስሮ ከነበረ መዝገብ ይኖራል። መዝገቡ ይታይ።»

አባቴ «ሶባ! ውሸት! አባቴ ሊዋሽ?» ብሎ ጮኸ። ሼህ ሙሐመድዘይን ግን ጺማቸውን ይዘው ፈገግ አሉ። «ልጅቷ ሕግ ታውቃለች። ረመዳን ሳይገባ መዝገቡ ይታይ። ደም ካለ ጉማ፣ ደም ከሌለ ኒካህ» አሉ።

እንግዲህ ያንን ዱአ ያደረግኩት በዚያ ምሽት ነው። የማፍር እንዳይመስላችሁ። ገዳይ አያት ያለው ሰው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፣ ሌባ አያት ያለው አንገቱን ይደፋል፤ አውቃለሁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቶፊቅን ማግባት ፈለግኩ።

የድሮው የአውራጃ ወህኒ ቤት መዝገብ ደሴ ነው የተቀመጠው ተባለ። አባቴ «ብቻሽን ሄደሽ ሌባ አድርገሽው ትመጫለሽ» ብሎ ተከተለኝ። ነጭ ጥምጣሙን ጠመጠመ፣ ከዘራውን ያዘ፤ የአባቱን ጀግንነት ሊረከብ የሚሄድ ሰው እንዲህ ነው የሚለብሰው። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እሱም ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እኔም አንቀሳቅሳለሁ። ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ወንበር ላይ ሁለት ተቃራኒ ዱአ ወደ ላይ ሲሄድ መላእክቱ ምን ብለው ይሆን እያልኩ ሐርቡን አለፍን። ቶፊቅ ደሴ ቀድሞን ደርሶ በሩ ላይ ጠበቀን።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ኢልያስ ይባላል፤ በአቧራ ምክንያት ነው መሰል ሲያወራም ሲያስነጥስም አንድ የሆነ ሰው ነው። ሼሁ ጽፈው የሰጡንን ደብዳቤ አየና «ምን አድርጎ ነው የታሰረው?» አለን።

«ሰው ገድሎ» አለ አባቴ።

«ሰርቆ» አልኩ እኔ።

ኢልያስ መነጽሩን አወለቀ። «ምግብ ቤት መሰላችሁ እንዴ የምታዙኝ? እዚህ የሚመጣ ሁሉ አያቴ በፖለቲካ ነው የታሰረ ይለኛል። መዝገቡን ስከፍተው በበግ ነው። አንቺ ግን የመጀመሪያዋ ነሽ፤ ሌባ ስጠኝ ያለኝ ሰው የለም።»

አንዱን ትልቅ መዝገብ አውርዶ አገላበጠ፣ ሌላውን አወረደ፣ አስነጠሰ። አባቴ ከዘራው ላይ ተደግፎ ከጀርባው ያያል። ቶፊቅ እኔን ያያል። እኩለ ቀን ላይ ኢልያስ ጣቱን አንድ ገጽ ላይ አሳረፈና «ቃሲም በሽር። ሠላሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት» አለ።

«አልሀምዱሊላህ!» አለ አባቴ። «አንብበው። ጮክ ብለህ።»

ኢልያስ ጮክ ብሎ አነበበው። «ቃሲም በሽርና ሙሀመድኑር አሊ የተባሉት ሁለት ሰዎች ተባብረው፣ ከሰንበቴ ገበያ አሞሌ ጨው የተጫነች አንዲት አህያ ሰርቀው ወደ ባቲ ነዱ። በባቲ ገበያም ሲሸጡ፣ ሊገዛ የመጣው ሰው የባለአህያው ወንድም ሆኖ ተገኘ። እርሱ ሳያውቃት አህያይቱ አውቃው ስለጮኸች ነገሩ ታወቀ። ሁለት ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። አህያይቱ ለማስረጃ ተይዛለች።»

የተሰማኝን ልናገር፦ እልልታዬ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። አንድ ሌባ ለምኜ አላህ ሁለት ሰጠኝ፤ እሱ ሲሰጥ ሙሉ ነው። ቶፊቅን ሳየው ግን ፊቱ ተለዋውጧል፤ ሙሀመድኑር የሱ ቅድመ አያት ነው። አባቴን ሳየው ደግሞ እልልታዬን ዋጥኩት። ጥምጣሙ እንዳለ ነው፣ ውስጡ ያለው ሰው ግን አንሶ ነበር።

«ለአህያ?» አለ። «በቅሎ እንኳ አይደለም?»

«አህያ ነው የሚለው፣ አባቴ» አለ ኢልያስ።

«ነፍሱስ? የሞተው ሰውዬስ?»

ኢልያስ ገጹን ገለበጠ። ወደ ግርጌ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ የተጨመረ ነገር ነበር። ይህንን ጮክ ሳይል ነው ያነበበው። «ሁለቱ እስረኞች በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ሳለ፣ ሙሀመድኑር አሊ በተስቦ ሞተ። ከፈን የሚሆን ጨርቅ ስላልተገኘ፣ ቁራኛው ቃሲም የለበሳትን ጋቢ አውልቆ ሰጥቶ ሟቹ በእርሷ ተቀበረ።»

ኢልያስ ግልባጩን በእጁ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ፣ ለአባቴ ሰጠው። አባቴ አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ልንወጣ ስንል ኢልያስ «አህያይቱ የት እንደደረሰች ግን አልተጻፈም» አለ፤ አባቴ «ስለ አህያ የሚያነሳብኝ ሰው ይጠንቀቅ!» ብሎ ከዘራውን አነሳ።

ስንመለስ ኮምቦልቻ ላይ ምሳ አልበላም አለ። አባቴ ምሳ ያልበላው ሴት አያቴ የሞተች ዕለት ብቻ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ እያየ አልፎ አልፎ «ለአህያ» ይላል፤ ተሳፋሪው አህያ የጠፋበት ገበሬ መስሎት «አላህ ይተካልህ» ይለዋል። ስልሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው በአንድ ቀን አባት ሲሞትበት እያየሁ ማሾፍ አልቻልኩም። ትንሽ ግን አሹፌያለሁ፤ በልቤ።

ወደ ከሚሴ ስንቃረብ «አባዬ፣ ጋቢው እኮ እውነት ነው» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ።

«ጥይቱ የለም፣ በቅሎው የለም፣ ዙር የሚለውም የለም። ጋቢው ግን አለ። ራሱን አራቁቶ ጓደኛውን አልብሷል። ከዚያ ብቻውን ወጣ። ለሟቹ ቤተሰብ ምን ይበል? ባላችሁ፣ አባታችሁ፣ አህያ ሰርቆ በሰንሰለት ሞተ ይበል? ስለዚህ ጀግና አድርጎ ገደለላቸው። ከዚያ ራሱ ቤት ሲገባ፣ ሁለት ዓመት የት ነበርክ ሲባል፣ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ያችኑ ለሁለት ከፈላት። ሞቱን ለሙሀመድኑር ሰጠው፣ ግድያውን ለራሱ ያዘ።»

አባቴ ፊቱን በጥምጣሙ ጫፍ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። «አባቴ ውሸት አይችልበትም ነበር» አለ በመጨረሻ። «አንዲት አገኘና እሷኑ ከጓደኛው ጋር ተካፈላት። ልክ እንደ አህያዋ።» እያለቀሰ ሳቀ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አባቴን የወደድኩት አይመስለኝም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ሁሉንም ሰማች። አባቴ ወረቀቱን እያሳየ «ሰንበቴ ሄጄ ለሸምሱ እሰጠዋለሁ። ደም የለም፣ ሌብነት ነው እለዋለሁ። የሌባ ልጅ ይበሉኝ፤ ልጄ ታግባ» አለ። ይህንን ለመናገር ምን እንደከፈለ የምታውቁት ያንን ወሬ ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ የሰማችሁ ብትሆኑ ነው። በልቤ ሰርጌን መቁጠር ጀመርኩ።

በገበያው ቀን ሰንበቴ ሄድን፤ አባቴ፣ እኔ፣ ቶፊቅም ያየነውን ለቤቱ ሳይናገር ከመንገድ ተቀብሎን። ከሸምሱ ቤት በር ላይ ቆመን «አሰላሙ ዐለይኩም» ስንል የመለሱልን እናቱ እማ ዘይና ናቸው። ግድግዳውን ተደግፈው፣ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀጭን ናቸው፣ ዐይናቸው ግን የገበያ ሴት ዐይን ነው፣ ያየውን ይመዝናል። ሸምሱ ፊቱን አጥቁሮ ከጎናቸው አለ።

«አካም ጂርቱ፣ እንዴት ናችሁ፤ ግቡ» አሉን። ከዚያ አባቴን ከጥምጣሙ እስከ ጫማው አዩት። «የቃሲም ልጅ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማ ዘይና።»

«አባትህን ትመስላለህ ልበል አልበል» አሉና ከአጎዛው ማዶ ቦታ አሳዩት። አባቴ ተቀመጠ። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። እኔ የወረቀቱን ጫፍ አየሁት።

እማ ዘይና ማንም ሳይጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። «አባቴ ሲጠፋ ልጅ ነበርኩ። ገበያ ሄዶ ቀረ። ሰው አፉ መቼ ይሰበሰባል? አንዱ ሚስት አግብቶ ነው ይላል፣ አንዱ ፈርቶ ሸሽቶ ነው ይላል፣ ሌላ የሚሉም ነበሩ። ውሃ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ከእንስራዬ ያርቁ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ አደግኩ። ከዚያ አንድ መንገደኛ መጣና አባቴ ደረቱን ሰጥቶ እንደሞተ ተናገረ። በማግስቱ ውሃ ስወርድ እነዚያው ሴቶች እንስራዬን አሸከሙኝ። የዚህ የሸምሱ አባትም ያገባኝ ‹የሙሀመድኑር ልጅ› ብሎ ነው። አባቴ ሌላ ያወረሰኝ ነገር የለም፤ ያችን ሞቱን ነው።»

የአባቴ እጅ ከኪሱ ወጣ። ባዶውን ወጣ።

ገባኝ፤ ስለገባኝም ተናደድኩ። በዐይኔ «ወረቀቱ! ወረቀቱ!» እለዋለሁ፤ እሱ አያየኝም። ጥምጣሙን ከራሱ ላይ አወረደ። ቀስ ብሎ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«እማ ዘይና» አለ፣ «ጉማ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ሸምሱ ቀና አለ። ቶፊቅ አፉን ከፍቶ ዘጋ። እማ ዘይና ግን አልተገረሙም። «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። «በወጉ ይሁን።»

መንገድ ላይ አባቴን አላስቀመጥኩትም። «ለእውነተኛ ደም አልጠይቅም ብለህ ወላሂ ያልክ ሰውዬ፣ ለሌለ ደም ገመድ ልታስር ነው? ነጻ የሚያወጣህን ወረቀት ኪስህ ይዘህ?»

«ለወላሂው እጾማለሁ» አለኝ። «ወረቀቱ እኔን ነጻ ያወጣል። እሳቸውን ግን እንደገና ውሃ ያወርዳቸዋል።» ጥቂት ሄደና ጉሮሮውን ጠረገ። «ደግሞ አባቴም ገዳይ ሆኖ ቢቀር ማን ይጎዳል?»

ለማን ብሎ እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም። ለእሳቸው ነው ይላል እናቴ፤ ለራሱ ወሬ ነው እላለሁ እኔ። ቶፊቅ ለሁለቱም ነው ይላል፤ ቶፊቅ ሰላም ይወዳል። መሐላ ላፈረሰበት ሦስት ቀን ጾመ፤ በጾሙም ከሰው ሁሉ ጋር ተነጫነጨ።

ጉማው የወጣው ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ከቤት ርቆ፣ ግራር ጥላ ሥር ነው። የሁለቱም ወገን ሰዎች በሁለት ረድፍ ቆሙ። የከሚሴ እህል ነጋዴ ሁሉ መጥቷል፤ ወሬዋን ዕድሜ ልካቸውን የሰሙ ሰዎች መጨረሻዋን ማየት አማራቸው። አባቴ ራሱን ሳይሸፍን፣ የበሬ ገመድ በአንገቱ አስሮ፣ ጊደሯን እየሳበ መጣ። ጸሐይ መላጣው ላይ ያበራል። ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ እንባዬ ቀደመው።

ሼህ ሙሐመድዘይን «ጀይሉ ቃሲም፣ በእናንተና በሙሀመድኑር ቤት መካከል ያለውን ተናገር» አሉ።

አላህን የሚፈራ ሰው በዚያ ቦታ ሊዋሽ አይችልም። አባቴ ተንፍሶ እንዲህ አለ፦ «ሙሀመድኑር ከአባቴ ጋር ወጥቶ አልተመለሰም። ብቻውን የተመለሰው አባቴ ነው። በጋቢው ያለበሰው አባቴ ነው። ቤታችሁ ስላለቀሰው ልቅሶ ሁሉ አውፍ በሉኝ፤ ይቅር በሉኝ።» አንዲት የውሸት ቃል የለችበትም። ሼሁ ለአፍታ ትክ ብለው አዩት፤ መዝገቡ ምን ይላል ብለው ግን አልጠየቁም። ብልህ ሽማግሌ መቼ አለመጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ለእርቁ የመጣው በግ ታረደ። ሸምሱ ራሱ መጥቶ ገመዱን ከአባቴ አንገት ፈታ፣ ተቃቀፉ። ሸምሱ ያለቅሳል፣ አባቴ ያለቅሳል፤ ሁለት የአህያ ሌባ ወራሾች በጀግኖች ደም ተላቀሱ። ዱአው ሲያልቅ ኒካሁ ቀን ተቆረጠለት። ያንን ግልባጭ አባቴ ከዚያ ወዲያ የት እንዳደረሰው አይናገርም። ወሬዋን ዛሬም ያወራታል፤ ጥይቷን ግን ቶሎ ብሎ ያልፍና ጋቢው ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ድምፁም ዝቅ ይላል።

ሰው ወደ ሥጋው ሲሄድ እማ ዘይና በእጃቸው ጠሩኝ። ከግራሩ ሥር አጎዛቸው ላይ ነበሩ፤ ጊደሯ አጠገባቸው ታስራለች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቁጭ በይ። ይህች ጊደር ያንቺ ናት። ከእኔ ቤት ወጥታ ወደ አንቺ ቤት ትገባለች፤ ለሸምሱ ነግሬዋለሁ።»

እጃቸውን ሳምኩ። እጄን አልለቀቁትም።

«ያ መንገደኛ» አሉ ዝቅ ብለው፣ «የአባቴን ሞት ያመጣልን። ከደጋ የወረደ ነው፣ የጥቅምት ብርድ ነው፣ ጋቢ ግን አልነበረውም። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ብረት የበላው ጠባሳ ነበረ። ከእናቴ ጋር ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱ አመሹ። ልጅ ተኝቷል ብለው፤ እኔ ግን አልተኛሁም። ሲሄድ እናቴ የአባቴን ጋቢ አለበሰችው።»

ልናገር ስል ጣታቸውን ከንፈሬ ላይ አደረጉ። ወደ ሰዉ ገልመጥ አሉ፤ ማንም አይሰማም። ከዚያ እንደ ልጃገረድ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«መዝገቡን አይታችኋል አሉ። አንድ ነገር ስልሳ ዓመት ሲከነክነኝ ኖረ፤ የምጠይቀው ሰው የለ» አሉኝ። «አህያይቱ ግን የማን ሆና ቀረች?»